የሹክሪ ማራገቢያ ለምን ጮኸ

መሐላ አልኩብራ
ፌብሩዋሪ 9፣ 1984

ለውድ የአክስቴ ልጅ ለሹክሪ፣

አሰላሙ አለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ጤናህ እንዴት ነው? የጀርመን ብርድስ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። እናትህም ደህና ናት፤ ጉልበቷ ብቻ ደረጃ ስትወጣ ያስቸግራታል። «አላህ በሄድክበት ሁሉ ይጠብቅህ፣ የሰው ፊት አያሳይህ» ብላለች። ይህን የምትለው አጠገቤ ቁጭ ብላ ፉል እየለቀመች ነው። እኔም እንደተለመደው ካለችው ውስጥ ወረቀቱ የቻለውን ያህል እጽፍልሃለሁ።

ወደ ወሬው ልግባ። ማራገቢያህ ደርሶ ተተክሏል። «ማራገቢያህ» የምለው እኔ ብቻ አይደለሁም፤ አገሩ ሁሉ ነው። ባለፋብሪካው ሐጅ ዘህራን ለፈትል አዳራሹ አዲስ ማራገቢያ አንተ ከምትሠራበት ፋብሪካ ማዘዛቸውን ያልሰማ የለም። እናትህ ለዳቦ ጋጋሪው ነገረችው፣ ዳቦ ጋጋሪው ለከተማው አዳረሰ። ሳጥኑ በጭነት መኪና ሲገባ የሰፈር ልጆች እያጨበጨቡ ተከተሉት። አሮጌውን፣ ኩሽኔታውን ስቀይርለትና ክንፉን ስበይድለት የኖርኩትን፣ ከግድግዳው ነቅለን ጓሮ ጣልነው። ለእሱ ማንም አላጨበጨበም።

እና ሹክሪ፣ ማራገቢያህ ይጮኻል። «ድምፁ አይሰማም» ብለህ የጻፍከውን ለሠራተኛው ሁሉ አንብቤ ስለነበር ሞተሩ ሲነሳ ሰው ሥራውን ትቶ ጆሮውን ጣለ። መጀመሪያ ሹሹ አለ። ፍጥነቱ ሲሞላ ግን አንድ ቀጥ ያለ ዋይታ መጣ፣ ከፍም ዝቅም የማይል። ከፈታዮቹ አንዱ «ኡስታ መሕሩስ፣ የማይሰማው ይሄ ከሆነ የሚሰማው ሲመጣ የት ልንገባ ነው?» አለኝና አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። እኔ አልሳቅኩም። እሺ፣ ትንሽ ሳቅኩ።

እንደምታውቀው አየር የሚስብበት አፉ ወደ ጎዳናችን ነው፣ ከእናትህ ሰገነት ፊት ለፊት። ጎረቤቱ ጩኸቱን በእናትህ ስም «የነፊሳ ልጅ» ብሎ ሰይሞታል። ጠዋት ሞተሩ ሲነሳ «የነፊሳ ልጅ ተነሳ» ይላሉ፤ ሙቀት ሲበረታ «የነፊሳ ልጅ ዛሬ ብሶበታል»። እሷ ስትሰማ ትስቃለች። መስኮቷን ግን ትዘጋለች።

ሌላም አለ። መሃንዲስ ባህጋት ከረመዳን ዒድ በኋላ ጡረታ ይወጣሉ፤ የአየር ክፍሉ ኃላፊ ወንበር ባዶ ይሆናል። ሐጅ ዘህራን በሰው ፊት ምን አሉ መሰለህ? «ማራገቢያው ዝም ካለ ሹክሪን አስመጥቼ ወንበሩ ላይ አስቀምጠዋለሁ። ዝም ካላለ ያው መሕሩስ አለልን።» ያው መሕሩስ! ፀጉሬ የሸበተው እዚያ ክፍል ውስጥ ነው፤ እኔ ግን «ያው» ነኝ። ቅር አላለኝም ብዬ አልዋሽህም። ላንተ ግን ደስ ብሎኛል።

ወንድምህ መሕሩስ


ሽቱትጋርት አጠገብ
ማርች 4፣ 1984

ለወንድሜ ለመሕሩስ፣

ወአለይኩሙ ሰላም። አላህ ጤናና ሰላም ይስጣችሁ፣ ቤታችሁን በረካ ይሙላው። እኔ ደህና ነኝ። በረዶው ገና አልለቀቀም።

ማራገቢያው ይጮኻል ያልከውን ማመን አልቻልኩም። እኔው ነኝ ከመላኩ በፊት የሞከርኩት። እዚህ ግድግዳዋም ጣሪያዋም በወፍራም ስፖንጅ የተሸፈነ አንዲት ክፍል አለች፤ ድምፅ ውጦ ስለሚያስቀር የራስህን ልብ ምት ትሰማለህ። እዚያ ውስጥ አስነሳሁት፤ እንደተኛ ሰው ነበር የሚተነፍሰው። መሐላ ሲገባ ምን ነካው?

እስቲ ልንገርህ፣ ታውቀው ይሆናል ግን ልንገርህ። አየር ቀጥ ብሎ ሲሄድ አይጮኽም። የሚጮኸው ሲጠማዘዝ ነው። ክንፉ አየሩን ቆርጦ ሲያልፍ ከኋላው ደቃቅ አዙሪት ይለቃል፤ እሱ ሹሹታ ብቻ ነው። በክንፉ ጫፍና በዙሪያው ቀለበት መሀል ያለው ክፍተት ከሰፋ ደግሞ አየሩ ከሚገፋው ወገን ወደሚስበው ወገን ሾልኮ እዚያ ይጠቀለላል፤ እሱም ያጉረመርማል። አንተ የጻፍክልኝ አንድ ቀጥ ያለ ዋይታ ግን ብዙውን ጊዜ ከሌላ ቦታ ነው የሚመጣው። ትዝ ይልሃል፣ ልጆች ሳለን ቦዩ ውስጥ ዱላ ተክለን ገለባ ስንጥል? ገለባው ዱላውን ካለፈ በኋላ ይሽከረከር ነበር። አየርም እንደዚያው ነው። ከማራገቢያው አፍ ፊት አንድ ነገር ቢቆም ከኋላው አዙሪት ይሠራል። ክንፎቹ ተራ በተራ እየመጡ ያንን አዙሪት በጥፊ ይሉታል። ጥፊው ሲፈጥንና ሲከታተል ዋይታ ይሆናል።

ስለዚህ ክፍተቱን ለካልኝ። ከዚያ ደግሞ አፉ ፊት ምን እንዳለ እይልኝ። አምና በላክሁት መቅጃ ድምፁን በካሴት ቀድተህ ላክልኝ፤ ከእናቴ ሰገነት ላይ ሆነህ ቅዳው።

አሁን ደግሞ ሳልደብቅ የምነግርህ አለ። «አጠገቤ ቁጭ ብላ ፉል እየለቀመች» ያልከውን ደጋግሜ አነበብኩት። ቀናሁብህ። እናትህ፣ አላህ ይዘንላትና፣ ገና ሳትራመድ ለእናቴ ትታህ ከሄደች ጀምሮ አንድ ሳህን ላይ ነው የበላነው። ዛሬ ሳህኑ አንተ ዘንድ ቀርቷል። እሷ መጻፍ ስለማትችል ቃሏ ሁሉ የሚደርሰኝ በእጅህ ነው። «ወረቀቱ የቻለውን» ማለትስ ምን ማለት ነው? ያልቻለውን ማን ይነግረኛል?

ወንበሩን እፈልገዋለሁ። ወደ ቤቴ መግቢያ በር እሱ ብቻ ነው።

ሹክሪ


መሐላ አልኩብራ
ሜይ 12፣ 1984

ለውድ ወንድሜ ለሹክሪ፣

ሰላምታዬ ባለህበት ይድረስህ። አላህ ጉዳይህን ያቅናልህ፣ ከክፉ ዓይንም ይሰውርህ። ስለዘገየሁ አትቀየመኝ። የጸደይ በዓላችን ሸም አልነሲም መጣ፣ እናትህ ያንን ጨው የበላ ዓሣ፣ ፊሲኽ አምጣልኝ ብላ ሰፈሩን አካለለችኝ። ከዚያም አንዱ ማሽን ተበላሸ፣ ከዚያም ሌላ። ሥራ ነው።

ክፍተቱን ለክቼዋለሁ። ጣቴን እየሰደድኩ ዙሪያውን ሁሉ ፈተሽኩት፤ እኩል ነው፣ ጠባብ ነው፣ ጀርመን ያውቃል። አፉ ፊት ደግሞ የፋብሪካው ዕቃ የሚባል ነገር የለም። ሳጥንም መሰላልም አላስጠጋሁበትም።

ካሴቱን ለሥራ ወደዚያ ለሚመጣ ሰው ሰጥቼዋለሁ። ሰገነት ላይ ቆሜ ነው የቀዳሁት፤ ከጩኸቱ በቀር ምንም አታገኝበትም።

የቦዩን ነገር አንስተሃል። ዱላውን ስተክል የነበርኩት እኔ ነኝ፣ ጭቃ ውስጥ ገብቼ። አንተ ዳር ቆመህ ገለባ ነበር የምትጥለው። ቤት ስንገባ እኔ ስለ ጭቃው ስመታ አንተ ገለባው እንዴት እንደዞረ ታወራ ነበር፣ ሰውም አፉን ከፍቶ ይሰማህ ነበር። እንዲያው ስላነሳኸው ነው።

እዚህ ሰው ተማሯል። ከፊት ለፊት ያለው ልብስ ሰፊ ደንበኛው የሚለውን ስለማይሰማው እጅጌ ባዘዘው ሰው ላይ ኮሌታ ሰፋበት። የእናትህን መስኮት በወፍራም ብርድ ልብስ ጋርጄላታለሁ። ሐጅ ዘህራን «እስከ ዒድ ዝም ካላለ አሮጌው ይመለስ» ብለዋል። ይገርምሃል፣ አሁን ሰው ስለ አሮጌው ማራገቢያዬ ማውራት ጀምሯል። «እንዴት ያለ ጨዋ ነበር እኮ!» ይላሉ። ያን ሁሉ ዘመን ሳክመው አንድ ሰው «የመሕሩስ ማራገቢያ» ብሎት አያውቅም። ያንተ ግን ገና ከሳጥኑ ሳይወጣ ስም ነበረው። አሁን ሲያመሰግኑት ደስ ብሎኛል። ምን ላድርግ፣ ደስ ብሎኛል።

እናትህ ሰላም ትልሃለች። ሌላም ብላለች፣ ወረቀቱ አለቀ።

መሕሩስ


ሽቱትጋርት አጠገብ
ጁን 8፣ 1984

መሕሩስ፣

ረመዳን ከሪም። አላህ ጾማችሁን ይቀበላችሁ። ለእናቴ ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ።

ካሴቱ ደረሰኝ። ያቺ ስፖንጅ የተሸፈነች ክፍል ውስጥ ገብቼ፣ በር ዘግቼ ሰማሁት። ዋይታውን ወዲያው አወቅኩት። የክንፎቹ ብዛት፣ የሞተሩ ፍጥነት፣ ሁሉም ልክ ገጠመ፤ ክንፎቹ አንድ የቆመ ነገር የለቀቀውን አዙሪት በጥፊ እያጮሉት ነው።

አንተ ግን ጩኸቱ ይሸፍነኛል ብለህ መቅጃውን ሳትዘጋ አወራህ። መሐላ ውስጥ ይሸፍንህ ይሆናል። እዚህ ክፍል ውስጥ ምንም አይሸፈንም። እናቴ «ወዲህ ማዶ ቁም፣ ፀሐዩ አናትህን በላው» አለችህ። «ደህና ነኝ እማ» አልክ። ከዚያ እንዲህ አለች፦ «ጫማዋ አለች? ንፋሱ አልወሰዳትም?» አንተም «በብረት ላይ ነው ያሰርኳት፣ የት ትሄዳለች!» አልካት። «እንዳታወርዳት፣ ዓይን በዝቷል» አለች። ከዚያ አንድ ነገር በጆሮዋ አልካትና ሁለታችሁም ሳቃችሁ። ስልክ ስደውል እንዲህ ስቃልኝ አታውቅም፤ «እየበላህ ነው ወይ?» ብላ ታለቅሳለች እንጂ።

እና «እማ» ነው የምትላት? ለኔ ስትጽፍ «እናትህ» ነበር የምትለው።

ጫማዋ ገብታኛለች። እዚያ አገር የጭነት መኪና ሁሉ ክፉ ዓይን እንዳይነካው ብሎ ከኋላው የሕፃን ጫማ ያንጠለጥላል። ከኋላው! አንተ ግን የኔን የሕፃንነት ጫማ ከነሰማያዊ ዶቃዋ ማራገቢያው አፍ ላይ፣ ብረት አጋድመህ ከክንፉ ፊት ሰቀልክ። ማሰርህን ስለ አዙሪት አላወቅክም ብዬ ልለፈው። ከደብዳቤዬ በኋላ ግን አውቀሃል። አውቀህ «የፋብሪካው ዕቃ የለም» ብለህ ጻፍክ። እውነትህን ነው፣ ጫማ የፋብሪካ ዕቃ አይደለችም። ከልጅነትህ ጀምሮ እንዲህ ነበርክ፤ ሳትዋሽ ትዋሻለህ።

ለሐጅ ዘህራን መጻፍ እችል ነበር። ብጽፍላቸው ግን «የጀርመኑ መሃንዲስ እናት ጫማ ሰቅላ ማሽኑን አስለቀሰችው» ተብሎ መሐላ በሙሉ ይስቅባታል። ስለዚህ አልጽፍም። ነገሩ ያለው በአንተ እጅ ነው። ብታወርዳት ማራገቢያው ዝም ይላል፣ ወንበሩም የኔ ይሆናል። ብትተዋት ያንተ ነው። እኔ በአንተ ቦታ ብሆን አላወርዳትም ነበር መሰለኝ። ይህንንም እወቅልኝ፣ ከሁሉ ያናደደኝ እሱ ነው።

ሹክሪ


መሐላ አልኩብራ
ጁላይ 7፣ 1984

ለወንድሜ ለሹክሪ፣

እንኳን ለዒድ በሰላም አደረሰህ፤ ለዓመቱ በአንድ ማዕድ ያድርገን። ዛሬ የምጽፍልህ ነገር ስላለ ሰላምታውን አላስረዝምም።

ደብዳቤህን ሳነብ ጆሮዬ ጋለ። አፈርኩ፣ ከማፈሬ በላይ ተናደድኩ። አዎ፣ አውቄ ነው የተውኳት። አንተ ስለ ዱላውና ስለ ገለባው የጻፍክልኝን አንብቤ ወደ ማራገቢያው ቀና ስል ብረቷና ጫማዋ እዚያው ነበሩ። ነገሩ ገባኝ። መሰላሉንም አመጣሁ። ከዚያ «ማራገቢያው ዝም ካለ ሹክሪን» የሚለው ትዝ አለኝና መሰላሉን መለስኩት። ቅናት ነው፣ ሌላ ስም የለውም። በጫማዋም ቀንቼ ነበር። በጨርቅ ጠቅልላ፣ ዶቃ ሰፍታ ስትሰጠኝ «ጀርመን ላለው ልጇ ዛሬም ጫማውን ትሰቅልለታለች» ብዬ ነበር ሽቦውን ያጠበቅኩት።

አሁን ያደረግኩትን ስማ። ደብዳቤህ ከደረሰኝ በኋላ ብልሃት አሰብኩ። ጫማዋ አትወርድም የምትለው እሷ ትሁን፣ እኔ እጄን ታጥቤ ወንበሬ ላይ ልቀመጥ አልኩ። የዒድ ብስኩት፣ ካሕክ፣ ልትጋግር ሊጥ ስታሽ ገባሁና «እማ፣ ሹክሪ ማራገቢያውን የምታስጮኸው ጫማዋ ናት ይላል። ትውረድ ብሏል» አልኳት።

«ታዲያ አውርዳታ! ጆሮዬ ሊጠፋ እኮ ነው።»

«እንዴ፣ ዓይንስ? የልጅሽን ማራገቢያ ሰው በዓይኑ ቢበላውስ?»

«ብረቱን? ብረት ምን ይሆናል! ቢሰበር ሌላ ይገዙ። ዘህራን ምን አጣ?»

«እና ለምን ነበር የሰቀልሻት?»

ቀና ብላ አየችኝ፣ የሰው ጅል እንደሚታይ። «ለአንተ ነዋ! እጁን እዚያ ክንፍ መሀል የሚከተው ማን ነው? ሹክሪ እዚያ ስፖንጅ ክፍሉ ውስጥ ተቀምጧል፣ ምን ይነካዋል? አገር ምድሩ ዓይኑን ማራገቢያው ላይ ሲተክል ከሥሩ የሚቆመው አንተ ነህ።»

«ጫማዋ የሹክሪ አይደለችም?»

«የሹክሪ እግር እንዲህ ቀጭን ነበር? የሱማ እንደ ዳክዬ ሰፊ ነበር! ያንተ ናት። መራመድ የጀመርክ ቀን ነው የገዛሁልህ። እናትህ ሳታይህ ቀረች ብዬ እያለቀስኩ።» ይህን ብላ «በል ሊጡ ላይ አትቁም፣ ያ ቅቤ ይምጣ» አለችኝ።

ቅቤውን አቀበልኳትና ወጣሁ። መሰላሉን አቆምኩ፣ ሽቦውን ፈታሁ፣ ብረቷን በመጋዝ ቆረጥኩ። ሞተሩን አስነሳሁት። ሹክሪ፣ አተነፋፈሱን ከሰማኸው በኋላ ሌላ ማራገቢያ አትወድም። አየሩ ሲገባ እንኳ አይታወቅም። ልብስ ሰፊው ከሱቁ ወጥቶ «ምን ሆነ? መብራት ሄደ እንዴ?» ብሎ ጠየቀኝ።

ሐጅ ዘህራን መጡ። «ለዓይን ብዬ ጫማ ሰቅዬበት ነበር፣ እሷ ናት ያስጮኸችው» አልኳቸው። የእማን ስም አላነሳሁም። እሳቸው እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ፤ መሐላም እኔ ላይ ስቆ ወጣለት። ከዚያ «ማን ደረሰበት?» አሉ። «ሹክሪ፣ ከጀርመን ሆኖ፣ በጆሮው» አልኩ። «በል ጻፍለት፣ ወንበሩ ይጠብቀዋል» አሉኝ።

ይኸው ጻፍኩልህ። ወንበሩ ያንተ ነው። አልቀናሁም እንዳልልህ፣ ዛሬ ጠዋት መሃንዲስ ባህጋት ዕቃቸውን ሲሰበስቡ ሳይ ክፍሉን ጥዬ ወጣሁ። ጫማዋን ግን የመሣሪያ ቁም ሳጥኔ በር ላይ ሰቅያታለሁ። ስትመጣ እንዳትነካት።

መሕሩስ


ሽቱትጋርት አጠገብ
ጁላይ 26፣ 1984

ለመሕሩስ፣

ሰላም ላንተ ይሁን፣ ለእናቴም። ያደረግከውን አላህ ይቁጠርልህ። እኔ እንደማላደርገው ነግሬህ ነበር፤ አንተ አደረግከው።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ለአለቃዬም ልለቅ ነው ብዬ ነግሬያለሁ። ግን ደብዳቤህን ሳነብ «ለአንተ ነዋ» የሚለው ላይ ደርሼ ቆምኩ፣ ከዚያ ወዲያ ወንበሩ አልታየኝም። በቅናት ስቃጠል እንኳ አንዲት ነገር ይዤ ነበር፤ ሌላው ሁሉ የመሕሩስ ቢሆን እዚያ ማራገቢያ አፍ ላይ የምትወዛወዘው ጫማ የኔ ናት እል ነበር። እሷም ያንተ ሆነች። እግሬ እንደ ዳክዬ እንደነበር ስለጻፍክልኝም አመሰግናለሁ፤ ወረቀቱ ያንን ሲሆን ቻለው።

ቲኬት አልቆረጥኩም። አንድ ነገር ጠይቅልኝና ያለችውን ሳትጨምር ሳትቀንስ ጻፍልኝ። ይህን ያህል ዕድሜ ይዞ እንዲህ አይነት ነገር ይጠየቃል ወይ ብለህ ሳቅብኝ፣ ግን ጠይቅልኝ። የኔ ጫማ የት አለች?

ሹክሪ


መሐላ አልኩብራ
ኦገስት 15፣ 1984

ለወንድሜ ለሹክሪ፣

አላህ መንገድህን ያቅናው። ጠየቅኳት። ቃሏ ይኸውልህ፣ አንድም አላስቀረሁበትም፦

«ያ ቡናማ ሻንጣው አሁንም አለው? የሄደ ቀን ገበሩን ፈትቼ ከሥሩ ሰፍቼበታለሁ፣ ከነዶቃዋ። በሰማይ ሲሄድ ዓይን እንዳይነካው ብዬ። ያየኝ እንደሆነ ይስቅብኛል፣ ተምሯልና። አንተም አልነበርክ፣ መኪና ልትጠራ ወጥተህ ነበር። በለው፣ ገበሩን ሲፈታ በመቀስ ይሁን፣ በቢላ እንዳይቀደው።»

እንግዲህ ፍታና እይ፣ ከዚያ ቲኬትህን ቁረጥ። ወንበሩን አስወልውዬዋለሁ።

ግን ይህን ስጽፍልህ ደስ ብሎኝ እንዳይመስልህ። ያንተን በገዛ እጇ፣ በገዛ መርፌዋ ሰፍታ አስይዛሃለች። የኔን በሽቦ ያሰርኩት እኔው ራሴ ነኝ።

መሕሩስ